ወዛደራዊ ወንድማማችነትና የዝምታው ዕዳ

በስብሰባ አዳራሽ ተቀምጦ የማያውቅ የቀበሌ ማኅበር አባል ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ሰው ከመካከል ተነሥቶ የሚያቃጥል ጥያቄ ሲያቀርብ፣ «ጥያቄው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጠላት ይጠቀምበታል» የሚል መልስ ተሰጥቶት አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ያላየም ጥቂት ነው። ይህች አጭር አነጋገር በሃያኛው ክፍለ ዘመን የኮሙኒስት ፓርቲዎች ታሪክ ውስጥ የሠራችው ሥራ ቀላል አይደለም። የብዙ ሐቀኛ ሠራተኞችን አፍ ዘግታለች፤ የብዙ ንጹሓንን ደም ሸፍናለች። ሥራዋን በግልጽ ለማየት ለሚሻ ሁሉ በሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ አውሮፓ ይኖሩ የነበሩት አይሁዳውያን የደረሰባቸውን፣ በውጭ ሀገር የነበሩት ወንድም ፓርቲዎችም ያንን እያዩ ያደረጉትንና ያላደረጉትን ከመመርመር የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት የሀገራችንን ጉዳይ ከሚመለከቱት በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን ከመነሻው መመልከት ይገባል። በዛሮቹ ዘመን የሩሲያ አይሁዳዊ በምዕራባዊው የግዛቱ ክፍል በተከለለለት ወሰን ውስጥ እንዲኖር የተገደደ፣ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚገባውም በኮታ እየተቆጠረ የነበረ ጭቁን ነው። ሕዝቡ በረኃብና በግፍ ተማሮ በተነሣ ቁጥር ቁጣው ወደ ቤተ መንግሥቱ እንዳያመራ አድኃሪዎች ወደ አይሁዳዊው ጎረቤቱ ቤት ይመሩት ነበር። በ1903 በኪሺኔቭ ከተማ የደረሰውና ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች የተገደሉበት ጭፍጨፋ የዚህ ስልት ውጤት ነው። ስለዚህም የአይሁዳውያን ወዛደሮች ወደ ትግሉ ቀድመው መግባታቸው አያስገርምም። ቡንድ በመባል የሚታወቀው የአይሁዳውያን ሠራተኞች ድርጅት በቪልና የተመሠረተው በ1897 ሲሆን፣ ይህም የሩሲያ ሶሻል ዴሞክራሲያዊ ሠራተኞች ፓርቲ በሚንስክ ከመመሥረቱ በአንድ ዓመት የቀደመ ነው።

ከጥቅምት አብዮት በኋላም አዲሱ መንግሥት ቃሉን በተግባር መግለጽ ጀምሮ ነበር። በሐምሌ 1918 የሕዝብ ኮሚሳሮች ምክር ቤት ፀረ አይሁዳዊነትን የሚያወግዝ አዋጅ አወጣ። ሌኒን በ1919 ይህንኑ የሚያወግዝ ንግግር በሸክላ አስቀርጾ በየመንደሩ እንዲሰማ አደረገ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት በዩክሬን በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ አይሁዳውያን ሲታረዱ፣ አብዛኛውን ግፍ የፈጸሙት የፔትሊዩራና የዴኒኪን ኃይሎች ነበሩ። ከቀይ ጦርም ወገን ያጠፉ አልጠፉም፤ ልዩነቱ ቀይ ጦር ያጠፋውን የሚቀጣ መሆኑ ነበር። በሃያዎቹ ዓመታት በይዲሽ ቋንቋ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ በሞስኮ የይዲሽ የመንግሥት ቴአትር ተቋቋመ፤ በ1934 በሩቅ ምሥራቅ ቢሮቢጃን የአይሁዳውያን ራስ ገዝ ክልል ተብላ ተሰየመች። እርግጥ ነው የዕብራይስጥ ቋንቋ ታፍኗል፤ ምኩራቦች ተዘግተዋል፤ በ1938 ደግሞ «ዴር ኤሜስ» የተባለው የሞስኮ የይዲሽ ጋዜጣ ራሱ ሕትመቱ እንዲቆም ተደርጓል። የሆነው ሆኖ ያንን ዘመን የኖረ ሠራተኛ «ይህ ሥርዓት የአይሁዳዊ ጠላት አይደለም» ቢል ያለ ምክንያት አልተናገረም።

ፋሺዝም በ1941 ሶቪየት ኅብረትን ሲወር ጉዳዩ የሞት የሽረት ሆነ። በኪየቭ አጠገብ ባቢ ያር በተባለው ሸለቆ በመስከረም መጨረሻ በሁለት ቀን ብቻ 33,771 አይሁዳውያን መረሸናቸውን ገዳዮቹ ራሳቸው በመዝገባቸው አስፍረዋል። በ1942 የአይሁዳውያን ፀረ ፋሺስት ኮሚቴ ሲቋቋም፣ የኮሚቴው ሊቀ መንበር የሞስኮው የይዲሽ ቴአትር መሪና ታላቁ ተዋናይ ሰሎሞን ሚኾኤልስ ነበር። ተግባሩም በዓለም ዙሪያ ያለውን አይሁዳዊ ለቀይ ጦር ድጋፍ ማነቃነቅ ነበር። በ1943 ሚኾኤልስና ገጣሚው ኢጺክ ፌፈር በፓርቲው ውሳኔ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ካናዳና ወደ እንግሊዝ ተላኩ። በኒው ዮርክ ፖሎ ግራውንድስ በተባለው ስታዲየም 50 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ተቀበላቸው፤ አልበርት አንስታይን አነጋገራቸው፤ ገንዘብና ቁሳቁስ ተሰበሰበ። እነዚህ ሰዎች ወደ ውጭ ሀገር የሄዱት በራሳቸው ፈቃድ እንዳልነበረ አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል። የላካቸው መንግሥታቸው ነው፤ ያነጋገሩትንም ሰው ያነጋገሩት ታዘው ነው።

ጦርነቱ በድል ተፈጸመ። የኦሽዊትዝን በር የከፈተው ቀይ ጦር ነው፤ በዚሁ ጦር ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆኑ አይሁዳውያን ተሰልፈዋል። ይሁን እንጂ ገና የድሉ ዜማ ሳይበርድ ነፋሱ ተለወጠ። በጥር 1948 ሚኾኤልስ ለሥራ ወደ ሚንስክ በሄደበት ሌሊት ሞተ። ለሕዝብ የተነገረው የመኪና አደጋ ነው ተብሎ ነው፤ በሞስኮም በክብር ተቀበረ። እውነቱ ግን በስታሊን ትእዛዝ በጸጥታ ሠራተኞች ተገድሎ፣ ሬሳው መኪና የገጨው እንዲመስል መንገድ ላይ መጣሉ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ኮሚቴው ፈረሰ። ኢሊያ ኤረንቡርግና ቫሲሊ ግሮስማን ስለ ናዚዎች ግፍ ያሰናዱት «ጥቁር መጽሐፍ» የተለቀመው ፊደሉ እንዲበተን ተደረገ። በ1949 መጀመሪያ በ«ፕራቭዳ» የወጣው ስለ ቴአትር ሐያሲዎች የተጻፈ ጽሑፍ «ሥር የለሽ ኮስሞፖሊታኖች» የሚለውን ስድብ በመላ ሀገሪቱ አሠራጨ። ስሙ በግልጽ ባይጠራም ማን እንደተሰደበ ያላወቀ አልነበረም። የሞስኮ የይዲሽ ቴአትርም በዚያው ዓመት ተዘጋ። የሞሎቶቭ ባለቤት ፖሊና ዠምቹዢና፣ የቀድሞ ሚኒስትር፣ ሳትቀር ታሰረች። ባለቤቷ ከፓርቲ ስትባረር ሞሎቶቭ ድምፁን አቅቦ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ድምፀ ተአቅቦው ስሕተት ነበር ብሎ ጻፈ።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሠራተኛው አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ሰው ሰሎሞን ሎዞቭስኪ ነው። ሎዞቭስኪ በ1901 ወደ ፓርቲው የገባ፣ ከ1921 እስከ 1937 ድረስ የቀይ የሠራተኛ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ድርጅትን የመራ፣ በጦርነቱም ዘመን የውጭ ጉዳይ ምክትል ኮሚሳር የነበረ አንጋፋ ነው። በየአህጉሩ የነበሩ የማዕድን፣ የወደብና የባቡር ሠራተኞች ስሙን ያውቁት ነበር። በ1949 ሲታሰር ዕድሜው ሰባ ዓመት አልፎታል። ከርሱ ጋር በድምሩ 15 ሰዎች ከግንቦት እስከ ሐምሌ 1952 በዝግ ችሎት ቀረቡ። ከነርሱም መካከል ፔሬጽ ማርኪሽ፣ ዳቪድ ቤርገልሰን፣ ሌይብ ክቪትኮ፣ ዳቪድ ሆፍሽቴይንና ፌፈር የይዲሽ ሥነ ጽሑፍ ምሰሶዎች ነበሩ።

ክሱ ምን ነበር? የኮሚቴው መሪዎች በ1944 በክራይሚያ የአይሁዳውያን ሪፐብሊክ ይቋቋም ብለው ለስታሊን በይፋ የጻፉት ደብዳቤ ክራይሚያን ለአሜሪካ መረማመጃ አድርጎ ለመስጠት የተሸረበ ሤራ ተባለ። ታዘው ወደ ኒው ዮርክ መሄዳቸው ለስለላ መመልመል ሆነ። ሎዞቭስኪ በችሎቱ ፊት ቆሞ ክሱን አንድ በአንድ አፈራረሰው፤ ሰነዱን በሰነድ፣ ቀኑን በቀን መለሰ። ለጸጥታው መሥሪያ ቤት ሲያገለግል የኖረውና በምርመራ ወቅት በጓደኞቹ ላይ የመሰከረው ፌፈር እንኳ በመጨረሻ ቃሉን አጠፈ። የችሎቱ ሰብሳቢ ጄኔራል ቼፕጾቭ ራሱ ማስረጃው እንደማያጠግብ ተረድቶ ምርመራው እንደገና እንዲታይ ወደ ላይ ቢያመለክትም ማሌንኮቭ አልተቀበለውም። ነሐሴ 12 ቀን 1952 አሥራ ሦስቱ ተረሸኑ። ከተከሳሾቹ አንዱ ራሱን ስቶ ቆይቶ በእስር ላይ ሞተ። ከሞት የተረፈችው የሥነ ሕይወት ሊቋ ሊና ሽቴርን ብቻ ነበረች፤ እርሷም ለግዞት ተዳረገች።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሲሆን በውጭ ሀገር የነበሩት ጓዶች የት ነበሩ?

በሰኔ 1949 ታላቁ ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ ፖል ሮብሰን ሞስኮ ነበር። ፌፈርን ለማግኘት አጥብቆ ጠየቀ፤ ከእስር ቤት ወጥቶ ወደ ሆቴሉ መጣለት። የሮብሰን ልጅ ከዓመታት በኋላ እንደተረከው ከሆነ፣ ክፍሉ በድብቅ እንደሚደመጥ ያወቀው ፌፈር አፉ ሌላ እያወራ በምልክትና በወረቀት ላይ በጻፋቸው ቃላት ሚኾኤልስ መገደሉን፣ እርሱም እንደማይተርፍ አስታወቀው። ሮብሰን በሞስኮ ባቀረበው ኮንሰርት ላይ ሚኾኤልስንና ፌፈርን ወዳጆቼ ብሎ በስማቸው ጠርቶ የዋርሶ ጌቶ ተዋጊዎችን መዝሙር በይዲሽ ዘፈነ። በዚያ አዳራሽ ያን ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል። ወደ ሀገሩ ሲመለስ ግን በሶቪየት ኅብረት ፀረ አይሁዳዊነት እንዳላየ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ሮብሰን ፈሪ አልነበረም፤ በዚያው ክረምት በሀገሩ በፒክስኪል የዘረኞችን ድንጋይ ፊት ለፊት ተጋፍጧል። ያቺ አጭር አነጋገር ግን ይህን የመሰለውንም ሰው አንደበት ያዘች።

በኅዳር 1952 ደግሞ በፕራግ የቼኮዝሎቫኪያ ኮሙኒስት ፓርቲ የቀድሞ ዋና ጸሐፊ ሩዶልፍ ስላንስኪና 13 ጓደኞቹ ለችሎት ቀረቡ። ከ14ቱ 11ዱ አይሁዳውያን ሲሆኑ፣ የክስ ወረቀቱ በያንዳንዳቸው ስም አጠገብ «አይሁዳዊ ትውልድ ያለው» የሚል አሰፈረ። ተከሳሾቹ በግርፋትና እንቅልፍ በመነሣት በቃላቸው እንዲይዙት የተደረገውን ኑዛዜ በራዲዮ አነበቡ። ታኅሣሥ 3 ቀን 11 ሰዎች ተሰቀሉ። በጥር 1953 «ፕራቭዳ» ዘጠኝ ሐኪሞች የሶቪየት መሪዎችን በሕክምና ስም ሊገድሉ አሢረዋል ሲል አወጀ፤ ከነርሱ ስድስቱ አይሁዳውያን ነበሩ። የፈረንሣይ ኮሙኒስት ፓርቲ ጋዜጣ «ሉማኒቴ» ክሱን ደግፎ ጻፈ፤ የፓርቲው አባላት የሆኑ ሐኪሞችም አይሁዳውያን ጭምር ድጋፋቸውን በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ ተደረገ። ስታሊን በመጋቢት 5 ሞተ። ገና አንድ ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ያው «ፕራቭዳ» ክሱ ፈጠራ እንደነበረና ኑዛዜው በተከለከለ ዘዴ እንደተገኘ ገለጸ። በፓሪስ የፈረሙት ሐኪሞች ያን ማለዳ ጋዜጣቸውን ሲገልጡ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ለነገሩ ሚዛን መስጠት ያሻል። በዚያን ጊዜ ሐቀኛ ሠራተኛ የቡርዧውን ጋዜጣ የሚጠራጠርበት በቂ ምክንያት ነበረው። በ1939 ከሂትለር የሸሹ ከ900 በላይ አይሁዳውያንን የጫነችውን «ሴንት ሉዊስ» የተባለች መርከብ ከወደቧ የመለሰችው ያችው ስለ ሰብአዊ መብት የምትሰብከው አሜሪካ ነበረች። በ1953 ዓለም ሁሉ እየተማጸነ አይሁዳውያኑን ባልና ሚስት ጁሊየስና ኤቴል ሮዘንበርግን በኤሌክትሪክ ወንበር የገደለችውም እርሷው ናት። ኢምፔሪያሊዝም ለአይሁዳዊው እንባ የሚያፈሰው እንባው ለፕሮፓጋንዳ ሲጠቅመው መሆኑን የሚያስረዱ ማስረጃዎች አልጠፉም። ነገር ግን ጠላት እውነትን ለክፉ ዓላማ ስለተጠቀመባት እውነትነቷ አይቀርም። ጠላት የሚናገረውን ሁሉ ውሸት ነው ብሎ መነሣት በራስ ዓይን ማየትን ትቶ በጠላት ዓይን መመራት ነው፤ እርሱ ወደ ግራ ሲያይ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሲያይ ወደ ግራ መዞር ብቻ ይሆናል። ደግሞስ ጠላት የሚጠቀምበት በተሠራው ግፍ ነው ወይስ ግፉን በሚያጋልጠው ሰው?

ክሩሽቼቭ በየካቲት 1956 ለሃያኛው ጉባኤ ባሰማው ምስጢራዊ ንግግር የሐኪሞቹን ጉዳይ ቢያነሣም ስለ አይሁዳውያን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሎዞቭስኪና ጓደኞቹ በ1955 በወታደራዊ ችሎት ነጻ ተብለው ነበር፤ ይህም ለሕዝብ አልተነገረም። ዝምታውን የሰበረችው በዋርሶ የምትታተም «ፎልክስ ሽቲሜ» የተባለች የይዲሽ ጋዜጣ ናት። እርሷም የኮሙኒስት ጋዜጣ ነበረች፤ ሚያዝያ 4 ቀን 1956 የደራስያኑን መገደል ይፋ አደረገች። ዜናው ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ፤ የአሜሪካ ፓርቲ ጋዜጣ «ዴይሊ ወርከር» በርእሰ አንቀጹ ሐዘኑን ገለጸ። ለዓመታት «የቡርዧ ወሬ» እያሉ አንባቢዎቻቸውን ሲያጽናኑ የኖሩ አዘጋጆች በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ደፉ።

ከነዚህ መካከል የቶሮንቶው ጄ. ቢ. ሳልስበርግ ታሪክ ይበልጥ ልብ ይነካል። ሳልስበርግ ቆብ ሰፊ ሠራተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበር አደራጅ፣ በ1926 ወደ ፓርቲው የገባ፣ ከ1943 እስከ 1955 በኦንታሪዮ ምክር ቤት የሠራተኞች ድምፅ የነበረ ሰው ነው። ወሬ ሰምቶ ከመፍረድ ራሱ ሄዶ ማየትን መረጠ። በ1955 ሞስኮ ሄደ፤ በ1956ም ከካናዳ ፓርቲ ልዑካን ጋር ተመልሶ ክሩሽቼቭን ፊት ለፊት ጠየቀ። የተሰጠው መልስ የአይሁዳውያን ጥያቄ የሚባል የለም የሚል ነበር፤ ከዚያም አልፎ በየመሸታ ቤቱ ስለ አይሁዳዊ የሚነገረውን ዓይነት አሉባልታ ከሀገር መሪ አፍ ሰማ። ሳልስበርግ ያየውንና የሰማውን በፓርቲው ጋዜጦች በተከታታይ ጻፈ፤ በ1957 ሠላሳ ዓመት የደከመለትን ድርጅት ተሰናበተ። የእንግሊዙ የሒሳብ ሊቅ ሃይማን ሌቪም በ1956 ሞስኮ ደርሶ ያረጋገጠውን ከመጻፍ አልታቀበም፤ በ1958 በመጽሐፉ ምክንያት ከፓርቲው ተባረረ። ሒስና ግለ ሒስን የድርጅት ሕይወት እስትንፋስ ነው የሚል ፓርቲ፣ ሒስ ያቀረበለትን ሰው አባሮ በምን እስትንፋስ ሊኖር እንዳሰበ የሚያስረዳን የለም።

«ቢናገሩስ ምን ሊፈይዱ?» የሚል ይኖራል። ታሪክ ለዚህም መልስ አለው። በ1963 በኪየቭ የዩክሬን የሳይንስ አካዳሚ ትሮፊም ኪችኮ የተባለ ሰው የጻፈውን ስለ አይሁድ ሃይማኖት የሚያወሳ መጽሐፍ አሳተመ። ሥዕሎቹ ከናዚ ጋዜጦች የተቀዱ እስኪመስሉ ድረስ አስጸያፊዎች ነበሩ። በዚህ ጊዜ የፈረንሣይ፣ የኢጣሊያ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ፓርቲዎች ዝም አላሉም፤ በየጋዜጦቻቸው አወገዙ። በሚያዝያ 1964 የሶቪየት ፓርቲ የርእዮተ ዓለም ኮሚሽን መጽሐፉ ስሕተት እንዳለበት በይፋ ለመግለጽ ተገደደ። በታኅሣሥ 1970ም አውሮፕላን ጠልፈው ከሀገር ሊወጡ ነበር በተባሉ ሰዎች ላይ የሌኒንግራድ ችሎት ሁለት የሞት ፍርድ ሲሰጥ፣ የኢጣሊያና የፈረንሣይ ፓርቲዎች ተቃውሟቸውን ከሌላው ዓለም ጋር አሰሙ። ፍርዱ ከተሰጠ በሳምንቱ ወደ እስራት ተለወጠ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው። እንግዲህ በ1949 ሎዞቭስኪ ሲታሰር እርሱ ራሱ ያሠለጠናቸው የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች በያሉበት ሀገር «ጓዳችን የት አለ?» ብለው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እያንዳንዱ ለራሱ ይመዝን።

ግፉን ለመሸፈን ያገለገለው ሌላው መጋረጃ «ጽዮናዊነት» የሚለው ቃል ነው። የእስራኤልን መንግሥት ፖሊሲ መቃወም፣ የፍልስጥኤምን ሕዝብ መብት መደገፍ አንድ ነገር ነው፤ የማንም ሠራተኛ የፖለቲካ መብት ነው። አይሁዳዊ የሆነውን ሁሉ ጽዮናዊ ብሎ መጥራት ሌላ ነገር ነው። በ1947 በተባበሩት መንግሥታት ፍልስጥኤም እንድትከፈል የደገፈችው፣ በ1948ም ለአዲሲቱ እስራኤል ፈጥና ዕውቅና የሰጠችው ሶቪየት ኅብረት ነበረች። ለእስራኤል የጦር መሣሪያ የሸጠችው ቼኮዝሎቫኪያም ያለ ሞስኮ ፈቃድ አልሸጠችም። ከአራት ዓመት በኋላ በፕራግ ችሎት ይኸው ለእስራኤል የተደረገው ድጋፍ የስላንስኪና የጓደኞቹ ወንጀል ሆኖ ቀረበ። መስመሩን የለወጠው ማዕከላዊው አካል፣ የተሰቀለው ግን ትናንት መስመሩን የፈጸመው ሰው ሆነ።

የቃሉ መጋረጃነት በፖላንድ ይበልጥ ተገለጠ። ከጦርነቱ በፊት ሦስት ሚሊዮን ይበልጡ ከነበሩት የፖላንድ አይሁዳውያን በስድሳዎቹ ዓመታት የቀሩት ከ30 ሺህ ብዙም የማይዘሉ ነበሩ። ጎሙልካ በሰኔ 1967 ስለ «አምስተኛ ረድፍ» የተናገረው በሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ ላይ ነበር። በመጋቢት 1968 ተማሪዎች ስለ ነጻነት ሲነሡ ጥፋቱ በ«ጽዮናውያን» ላይ ተላከከ። በዋርሶ በዤራን የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ተሰብስበው ፓርቲው ከጽዮናውያን እንዲጸዳ የሚጠይቅ መፈክር ይዘው ታዩ። መፈክሩን ማን ጻፈው? የደመወዝ ማነስና የሥጋ እጥረት ያስጨነቀው ሠራተኛ ማልዶ ተነሥቶ የጻፈው አይደለም፤ ተጽፎ የተሰጠው ነው። ዛር ኒኮላስ የተጠቀመበት ስልት በቀይ ጨርቅ ላይ ተጽፎ በሠራተኛው እጅ ተመለሰ። የሀገሪቱ ርእሰ ብሔር ኤድቫርድ ኦኻብ ዘመቻውን ተቃውሞ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ እንዲህ ያለ ሰው መገኘቱም መመዝገብ አለበት። በሦስት ዓመት ውስጥ 13 ሺህ ያህል ሰው «የፖላንድ ዜጋ አይደለም» የሚል የጉዞ ወረቀት ይዞ ከዋርሶ የግዳንስክ ባቡር ጣቢያ ተሳፈረ።

ሩማንያ ደግሞ ከዚህ የባሰ መንገድ አገኘች። የቻውሼስኩ መንግሥት ለቅቆ ለሚወጣ አይሁዳዊ በነፍስ ወከፍ ገንዘብ ይቀበል ነበር። የካፒታሊዝም ታላቁ ኃጢአት ሰውን ሸቀጥ ማድረጉ ነው ብሎ የሚያስተምር ርእዮተ ዓለም በስተመጨረሻ ሰውን በዋጋ ተመን ሲሸጥ ተገኘ።

ይህ ጉዳይ ወደ ሀገራችንም ደጅ መድረሱን ሳይጠቅሱ ማለፍ ከላይ የተነቀፈውን ዝምታ መድገም ይሆናል። የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን በአንጥረኝነት፣ በሸክላ ሥራና በሽመና የሚተዳደሩ፣ አብዛኛዎቹ ርስት የሌላቸው፣ በሠሩት ማረሻ የሚያርሰው ጎረቤታቸው «ቡዳ» እያለ የሚሸሻቸው ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለነርሱም መሬት የማግኘት መብት ሰጠ። ይህ ሊካድ የማይገባው ነው። ከአዋጁ በኋላ መሬታቸው የተወሰደባቸው ባላባቶችና ኢዲዩ ጥቃት ሰነዘሩባቸው። ብዙም ሳይቆይ ግን ከመንግሥትም ወገን ጥርጣሬ መጣ። ዕብራይስጥ ማስተማር ተከለከለ፤ መምህራን ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ያቋቋመው ኦርት የተባለ የአይሁዳውያን የበጎ አድራጎት ድርጅት ከጎንደር ተባረረ። ከሀገር ለመውጣት መሞከር እንደ ክህደት ተቆጠረ።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ሲመሠረት አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅ ተሸፍና ነበር። የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ኤሪክ ሆኔከር ሀገሩ በስጦታ ያበረከተችውን የማርክስ ሐውልት መርቆ ከፈተ። በዚያው ወቅት በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ተሻግረው በሱዳን ኡም ራኩባን በመሰሉ መጠለያዎች በረኃብና በበሽታ ይረግፉ ነበር። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉት በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ በመንገድና በመጠለያ የሞቱት 4 ሺህ እንደሚሆኑ ይገመታል።

የቀሩት በ1982 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መምጣት ጀመሩ። በእስራኤል ኤምባሲ አካባቢ ጠባብ ቤት እየተከራዩ ለአንድ ዓመት ያህል የከተማው ነዋሪ ጎረቤት ሆነው ቆዩ፤ በአንድ ቧንቧ ቀዱ፣ በአንድ ገበያ ሸመቱ። በበላይ ያለው ግን ጦርነቱ የከፋበት መንግሥት ስለ መውጫ ፈቃዳቸው የጦር መሣሪያና ገንዘብ ይደራደር ነበር። በመጨረሻ ዋጋው 35 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሆነ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ ሀገር ጥለው ሄዱ። ግንቦት 16 እና 17 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ዕቃቸውን ትተው፣ ብዙዎቹ የአውቶቡሳቸው ቁጥር በግንባራቸው ላይ ተለጥፎባቸው፣ ከኤምባሲው ግቢ ወደ ቦሌ ተጓዙ። ጎረቤቶቻቸው በማግስቱ ጠዋት በሩ የተከፈተ ባዶ ቤት አገኙ።